ሰዓት የቆጠረው ሕግና ዕጣ የቆጠሩት ተጫዋቾች

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ኦንላይን ጌም፣ በጌም ውስጥ ስለሚሸጠው ዕጣና በዚሁ ዙሪያ ስለተነሣው ሙግት ነው። በዝግጅቱ የሚጠሩት ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን እኛ በለመድነው አቆጣጠር ናቸው።

በጥቅምት 2012፣ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ፣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋል። ልጁ የሚጫወተው ስታርክራፍት ቱ የተባለውን የጦርነት ጌም ነው፤ ግጥሚያው ደግሞ ፈረንሳዮች ላዘጋጁት ዓለም አቀፍ ውድድር ማጣሪያ ነው። ጨዋታ ለዚህ ልጅ ሙያው ነው። ድንገት ሰዓቱን አየ። 6 ሰዓት ሲሞላ የአገሩ ሕግ ከጌሙ ያስወጣዋል። ቀስ ብሎ ሊፈጽም ያሰበውን ስልት ትቶ ያለውን ጦር ሁሉ ባንዴ አዘመተ። ያንን ዙር ተሸነፈ።

ልጁን እንዲህ ያጣደፈው ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ማንኛውም ሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወት ይከለክል ነበር። ኮሪያውያን የመዝጊያ ሕግ ይሉታል። ጋዜጦች ደግሞ እኩለ ሌሊት ሲሆን ሠረገላዋ ተመልሶ ዱባ በሆነባት በተረቷ ልጅ ስም የሲንደሬላ ሕግ ብለው ጠሩት።

አንድ መንግሥት የልጆችን ጨዋታ በሕግ እስከ መዝጋት እንዴት ደረሰ? መልሱን ለማግኘት ወደ 1997 መመለስ ያስፈልጋል።

በዚያ ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ ደቡብ ኮሪያን መታ። ለኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 ፑሳን ወደብ ሲወርዱ ፍርስራሽ ሆና ያገኟት አገር በአርባ ዓመት ውስጥ ከኢንዱስትሪ ባለጸጎች ተርታ ተሰልፋ ነበር። ቀውሱ ግን ኩባንያዎቿን እየጣለ ብዙ የቢሮ ሠራተኞችን ከሥራ አፈናቀለ። ከተፈናቀሉት አንዳንዶቹ የተሰጣቸውን የስንብት ገንዘብ ይዘው አነስተኛ የኮምፒውተር ቤቶች ከፈቱ። እነዚህ ቤቶች ፒሲ ባንግ ይባላሉ፤ ባንግ በኮሪያኛ ክፍል ማለት ነው። መንግሥት በበኩሉ ከቀውሱ ለመውጣት ፈጣን ኢንተርኔት በየከተማው ዘረጋ። በ1998 የመጀመሪያው ስታርክራፍት ለገበያ ሲቀርብ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ጠበቀው ማለት ይቻላል፤ ርካሽ ክፍል፣ ፈጣን መስመር፣ ብዙ ወጣት።

ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጌም የአገሪቱ ሁለተኛ ስፖርት መሰለ። ግጥሚያዎችን ብቻ የሚያስተላልፉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተከፈቱ፣ ማኅበር ተቋቋመ፣ ተጫዋቾች ደመወዝና ደጋፊ አገኙ። በ2004 ክረምት ፑሳን ውስጥ፣ በጓንጋሊ የባሕር ዳርቻ የተካሄደውን የፍጻሜ ግጥሚያ 100,000 ያህል ሰው አሸዋው ላይ ተቀምጦ እንደተመለከተው በጊዜው ተዘግቧል።

ደስታው ሐዘን አልተለየውም። በነሐሴ 2005 ዴጉ በተባለችው ከተማ አንድ የ28 ዓመት ሰው ፒሲ ባንግ ውስጥ 50 ሰዓት ያህል፣ ለአጭር እንቅልፍና ለመጸዳጃ ብቻ እየተነሣ ሲጫወት ቆይቶ ልቡ ቆመና ሞተ። በ2010 ደግሞ አገሪቱን ያስለቀሰ ወሬ ወጣ። ባልና ሚስት በጌም ውስጥ ምናባዊ ሕፃን ለማሳደግ በየሌሊቱ ወደ ፒሲ ባንግ ሲመላለሱ፣ ቤት ውስጥ የተተወችው የሦስት ወር ልጃቸው በረሃብ ሞታ ተገኘች። ይህን የሰማ ወላጅ ቢፈራ ማን ይፈርድበታል? የመዝጊያው ሕግ የተወለደው ከዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነበር።

ሕጉ በተግባር ሲታይ ግን ቀዳዳው ብዙ ነበር። እያንዳንዱ ኮሪያዊ የመታወቂያ መዝገብ ቁጥር አለው። ወደ ጌም ለመግባት ይህ ቁጥር ይጠየቅ ስለነበር ሥርዓቱ ዕድሜን ያውቅ የነበረው ከዚያ ነው። ልጆቹ የእናታቸውን ወይም የአያታቸውን ቁጥር ማስገባት ጀመሩ። በስልክ የሚጫወቱት ጌሞች ከሕጉ ውጭ ተተዉ፤ ስማርት ስልክ በየኪሱ በገባባቸው ዓመታት ይህ ማለት ዋናው በር ተዘግቶ የጓሮው ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው። በኋላ የልጆቹን የእንቅልፍ ሰዓት የመረመሩ የኮሪያ ተመራማሪዎች ሕጉ የጨመረላቸው እንቅልፍ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ መሆኑን ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ከጌሙ ውጭ ያለ አንድ ነገር መጠቀስ አለበት። ኮሪያውያን ተማሪዎች ከመደበኛ ትምህርት በኋላ ሐግዎን ወደሚባሉ የማስጠኛ ተቋማት ይሄዳሉ። ሴኡል ውስጥ እነዚህ ተቋማት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ የሚከለክል ደንብ አለ፤ ደንብ ያስፈለገው ከዚያም አልፈው ስለሚያስተምሩ ነው። እንግዲህ ከጠዋት እስከ ምሽት 4 ሰዓት ሲያጠና ውሎ ቤቱ የሚገባ የ14 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የሚገናኝበት ሰዓት የቱ ነው? ሜዳው ጨልሟል፣ ጓደኞቹም በየቤታቸው ናቸው። የሚያገኛቸው ጌሙ ውስጥ ነው። የመዝጊያው ሕግ የልጁን ሌሊት ሲቆጥር ቀኑን አልቆጠረም።

ያም ሆኖ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2014 ሕጉን አጸናው። ያፈረሰው ሌላ ያልተጠበቀ ነገር ነው። ማይንክራፍት የተባለው፣ ልጆች በኩብ ድንጋይ ቤትና ከተማ የሚገነቡበት ጌም፣ የተጫዋቾቹን መለያ ወደ ማይክሮሶፍት ሥርዓት ሲያዛውር ኩባንያው ለኮሪያ ብቻ የሌሊት መዝጊያ ከመሥራት ይልቅ መለያውን ለአዋቂዎች ብቻ ፈቀደ። በ2021 ዓለም ሁሉ ለልጆች የሚያስተምርበት ጌም ኮሪያ ውስጥ 19 ዓመት ያልሞላው የማይነካው ሆነ። ብዙዎች ተቆጡ። መንግሥት በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሕጉን እንደሚሰርዝ አስታወቀ፤ ከጥር 2022 ጀምሮም ቀረ።

ኮሪያ ሕጓን ለማንሣት ስትወስን ጎረቤቷ ቻይና ይበልጥ ታጠብቅ ነበር። ቻይና በ2019 ባወጣችው ደንብ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በሥራ ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ እንዳይጫወቱ ወሰነች። በነሐሴ 2021 ደግሞ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ላይ ብቻ፣ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት፣ አንዲት ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ቴንሰንት የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በአዋቂ ስም ሌሊት የሚጫወቱትን ለመለየት የፊት መለያ ካሜራ እስከ መጠቀም ደረሰ። በ2023 ኔቸር ሂውማን ቢሄቪየር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ7 ቢሊዮን በላይ የጨዋታ ሰዓቶችን መርምሮ የ2019ኙ ደንብ ከባድ ተጫዋቾችን ለመቀነሱ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቋል።

ሁለቱም አገሮች የቆጠሩት ሰዓት ነው። ሰዓት ለመቁጠር ይቀላል፤ የዚህ ዝግጅት አቅራቢ እንደሚያምነው ግን መቆጠር የነበረበት ሌላ ነገር ነው። ያ ሌላ ነገር ለአሥር ዓመት ያህል እዚያው ኮሪያ ውስጥ፣ ከሕጉ ጎን ለጎን ሲሠራ ኖሯል።

ሜፕልስቶሪ ኔክሰን የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ከ2003 ጀምሮ ያቀረበው ጌም ነው። ሥዕሉ የልጆች ካርቱን ይመስላል፤ ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው ትንንሽ ገጸ ባሕርያት እንጉዳይና ቀንድ አውጣ ከመሰሉ ጭራቆች ጋር ይፋለማሉ። ለመግባት አይከፈልም። ታዲያ ኩባንያው ገንዘቡን ከየት ያገኝ ነበር? ከግንቦት 2010 እስከ 2024 መጀመሪያ ኪዩብ የሚባል ዕቃ ይሸጥ ነበር። ተጫዋቹ ኪዩቡን ገዝቶ ባርኔጣው ወይም ሰይፉ ላይ ሲጠቀምበት ዕቃው ላይ ያሉት ሦስት መስመር የኃይል ጽሑፎች በዕጣ ይለዋወጡ ነበር። የወጣው ካልጣመው ሌላ ኪዩብ ይገዛ ነበር። የአንዱ ዋጋ እንደ ዓይነቱ 1,200 ወይም 2,200 የኮሪያ ዎን ነበር፤ ለአንድ ጊዜ ሲሆን ማንም የማይሳሳለት ገንዘብ ነው። ተጫዋቾች ከሁሉ በላይ የሚመኙት ሦስቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ጠንካራ ኃይል ይዘው እንዲወጡ ነበር።

የኮሪያ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን በጥር 2024 ይፋ ያደረገው ውሳኔ የሚለው እንዲህ ነው። ኪዩቡ ሲጀመር ሁሉም ኃይል የመውጣት ዕድሉ እኩል ነበር። ከመስከረም 2010 ጀምሮ ኩባንያው ተፈላጊዎቹ ኃይሎች ጥቂት ብቻ እንዲወጡ አደረገ፤ ለተጫዋቾቹ አልነገረም። ከነሐሴ 2011 ጀምሮ ደግሞ በጣም ተፈላጊ የነበሩ አንዳንድ ተመሳሳይ ቅንብሮች የመውጣት ዕድላቸው ዜሮ ሆነ። ያን ጊዜ የወጣው ማስታወቂያ የኪዩቡ አሠራር እንዳልተለወጠ ይገልጽ ነበር። ሌላ የኪዩብ ዓይነት ላይም ዕቃን ወደ ከፍተኛው ማዕረግ የማሳደግ ዕድሉ ከ1.8 ከመቶ ወደ 1.4፣ ቆይቶም ወደ 1 ከመቶ ወርዷል። ዜሮ የሆነው ዕጣ እስከ መጋቢት 2021 ዜሮ እንደሆነ ቆየ።

ቀኖቹን አስተያዩአቸው። ዕጣው ዜሮ የሆነው በነሐሴ 2011 ነው፤ የመዝጊያው ሕግ ሥራ የጀመረው በኅዳር 2011 ነው። ዕጣው ይፋ የወጣው በ2021 ነው፤ መንግሥት ሕጉን ለማንሣት የወሰነውም በ2021 ነው። መንግሥት ልጁ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከጌሙ መውጣቱን ሲያረጋግጥ፣ ያው ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፈጽሞ የማይወጣ ዕጣ በኪስ ገንዘቡ መግዛት ይችል ነበር። ኮሚሽኑ እንዳለው በእነዚያ ዓመታት ኪዩብ ከ550 ቢሊዮን ዎን በላይ አስገብቷል። ቅጣቱ 11.6 ቢሊዮን ዎን ሆነ።

ሰው ለምን ደግሞ ደጋግሞ ይገዛል? ይህን ለመረዳት ስንፍናን ወይም ሱስን መውቀስ አያስፈልግም፤ ርግቦችን መመልከት ይበቃል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በሠራው ሳጥን ውስጥ ርግቦች አንዲት ቁልፍ በመንቁራቸው ሲነኩ ጥሬ ይወርድላቸው ነበር። ጥሬው በየተወሰነ ቁጥር ሲሰጣቸው ርግቦቹ ካገኙ በኋላ ጥቂት አረፍ ይላሉ። ጥሬው መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ግን፣ አንዴ በሦስተኛው፣ አንዴ በአርባኛው ሲወርድ፣ ርግቦቹ ያለ ዕረፍት ይነካሉ፤ ጥሬው ጨርሶ ቢቋረጥ እንኳ ለረጅም ጊዜ አይተዉም። ስኪነርና ባልደረባው ቻርልስ ፈርስተር ይህን በ1957 ባወጡት ትልቅ መጽሐፍ አስፍረውታል። የቁማር ማሽንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኪዩብና ዓለም ሉት ቦክስ የሚለው የዕጣ ሳጥንም እንደዚሁ። ስለዚህ አንድ ልጅ አርባ ሳጥን ሲገዛ ባሕርዩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ፊቱ የተቀመጠው ነገር እንዲህ እንዲያደርግ ተብሎ የተሠራ ነው።

የኪዩቡን ነገር መጀመሪያ የጠረጠሩት ደግሞ ተጫዋቾቹ እንጂ ሹማምንቱ አልነበሩም። የሚወጣላቸውን እየመዘገቡ፣ ሠንጠረዥ እየሠሩ፣ እርስ በርስ እያመሳከሩ የተነገራቸውና የሚያዩት አልገጥም አላቸው። በ2021 መጀመሪያ ላይ ቁጣው ገነፈለ። ጊዜው የኮሮና ስለነበር ሰልፍ መውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ ገንዘብ አዋጥተው ትልልቅ የመብራት ሰሌዳ የተገጠመላቸው የጭነት መኪኖች ተከራዩና ጥያቄያቸውን እያንቦገቦጉ በጌም ኩባንያዎች ደጃፍ አቆሙ። ይህ የመኪና ሰልፍ ከአንዱ ጌም ወደ ሌላው ተዛመተ። በነሐሴ 2022 የፈረስ እሽቅድድም ጌም የሚጫወቱ ሰዎች፣ ከሴኡል በስተደቡብ ባለችው ፓንግዮ፣ አከፋፋዩ ኩባንያ ደጅ ላይ እውነተኛ ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ላኩ።

ሰልፉ በከንቱ አልቀረም። ኔክሰን በመጋቢት 2021 የኪዩቡን ዕድል ይፋ አወጣ፤ የማይወጡት ቅንብሮች መኖራቸውም በዚያ ታወቀ። አንድ ተጫዋች ያወጣሁት 11 ሚሊዮን ዎን ይመለስልኝ ብሎ ከሰሰ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኅዳር 2024 የወጪው 5 ከመቶ እንዲመለስለት የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ፍርዱ ግን ካርቱን በሚመስል ጌም ውስጥ የተሸጠ ምናባዊ ዕቃም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ሚዛኑ ሊፈተሽ እንደሚገባ ተቀብሏል። ከመጋቢት 22፣ 2024 ጀምሮ በኮሪያ ዕጣ የሚሸጥ ጌም የዕጣውን የመውጣት ዕድል በቁጥር እንዲያሳይ በሕግ ተገድዷል።

ኮሪያ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። ጃፓን ውስጥ ጋቻ የሚባል፣ ሳንቲም ከተው እጀታውን ሲያዞሩት አሻንጉሊት የሚተፋ ማሽን አለ፤ የስልክ ጌሞች ስሙንም አሠራሩንም ከዚያ ወሰዱ። ከጋቻዎች ሁሉ የከፋው በዕጣ የሚገኙ ካርዶችን ሙሉ ስብስብ ለሞላ ተጫዋች ብቻ ብርቁን ሽልማት የሚሰጠው ነበር፤ ስብስቡ ሊሞላ ሲል የቀረችው አንዲት ካርድ እጅግ ታስቸግራለች። የጃፓን የሸማቾች ኤጀንሲ በግንቦት 2012 ይህን ዓይነቱን ሕገወጥ አለው። በ2017 ደግሞ ኢኤ የተባለው ኩባንያ ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት ቱ በተባለው ጌም ውስጥ ታዋቂ ጀግኖችን ለመክፈት ረጅም ሰዓት መጫወትን ሲጠይቅና የዕጣ ሳጥን ሲሸጥ፣ ኩባንያው ሬዲት በተባለው ድረ ገጽ ላይ የሰጠው ማብራሪያ ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ አገኘ። በዓመቱ የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን የኢኤን የእግር ኳስ ጌም ፊፋ 18ን ጨምሮ በሦስት ጌሞች ውስጥ ያሉትን የዕጣ ሳጥኖች የቁማር ሕግ ይመለከታቸዋል ብሎ ወሰነ፤ ኢኤም ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ቤልጂየም ውስጥ የዕጣ ሳጥን መግዣ የሆነውን ፊፋ ፖይንት መሸጥ አቆመ።

ተጫዋቾቹን አመስግኖ ብቻ ማለፍ ግን እውነቱን ግማሽ ማድረግ ነው። ዕጣ የቆጠረው ያው ሕዝብ በኅዳር 2023 ሌላ ነገር ፈጸመ። በሜፕልስቶሪ የማስታወቂያ ፊልም ውስጥ አንዲት ገጸ ባሕርይ ለቅጽበት አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ስታቀራርብ ታየች። ብዙ ወንድ ተጫዋቾች ምልክቱ ወንዶችን ለማዋረድ ሆን ተብሎ የገባ ነው ብለው ተነሡ። አንዲት የአኒሜሽን ባለሙያ ተለይታ ስሟና ፎቶዋ ተበተነ፣ ዛቻና ስድብ ወረደባት። በኋላ ሲጣራ ያንን ትዕይንት የነደፈው ሌላ ሰው፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ወንድ ነበር። ኪዩቡን ሲመረምሩ ሠንጠረዥ ሠርተዋል፣ ቁጥር አመሳክረዋል፣ ጠብቀዋል። ሴትዮዋ ላይ ግን ማንም አላመሳከረም። ይህ ጉዳይ ሊያሳፍር ይገባል፤ በጌም ዓለም ውስጥ የምትሠራ ሴት እንዲህ ዓይነቱን ጥቃት ስትሸከም የመጀመሪያዋም አልነበረችም።

ያ በጥቅምት 2012 ሰዓት የጠለፈው ልጅስ? አድጎ በ2014 የስታርክራፍት ቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2016 ግን ፍርድ ቤት ቀረበ። በግጥሚያ ላይ የሚያቋምሩ ደላሎች ሁለት ጨዋታ ሆን ብሎ እንዲሸነፍ 70 ሚሊዮን ዎን ሰጥተውት ነበር። በገደብ የ18 ወር እስራት ተፈረደበት፣ ያንኑ ያህል ገንዘብ ተቀጣ፣ ከአገሩ ውድድሮችም ለዕድሜ ልክ ታገደ። ጥፋቱ የራሱ ነው። ቢሆንም የሕይወቱን መስመር ለሚከተል ሰው አንድ ነገር አብሮ ይታያል። በ15 ዓመቱ ሕጉ የጠበቀው ከሌሊቱ ነበር፤ ኋላ ያገኘው ጉዳት የመጣው ከቁማር ገንዘብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የጌም ሕመምን በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አካትቷል። መለኪያው ብዙ ሰዓት መጫወት ብቻ አይደለም፤ ሰው ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልና ይህ በአብዛኛው ለ12 ወራት ሲዘልቅ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሐኪም ማማከሩ ተገቢ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ልጅ ግን በዚህ ብቻ በሽተኛ አይባልም።

አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ያለውን የፕሌይስቴሽን ቤት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል። እዚያ ልጆች ለአንድ ግጥሚያ የታወቀ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ብዙ ጊዜም ሒሳቡ የተሸናፊው ነው። ጆተኒም እንዲሁ ነው። ልጁ ስንት እንዳወጣ፣ ለምን እንዳወጣ ያውቃል፤ ሲያልቅበት አጠገብ ቆሞ ያያል። ሎተሪ አዟሪውም ቢሆን የሚሸጠው ትኬት ስንት ዕጣ እንዳለውና አንደኛው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ የተነገረለት ነው። ስልክ ውስጥ ያለው ሳጥን ግን ዋጋውን በአልማዝና በወርቅ ሳንቲም ሸፍኖ፣ የቤተሰቡን የባንክ ካርድ ከጀርባ አድርጎ ይጠብቃል። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ይህን ጉዳይ በቅርብ ሳያውቁት አይቀሩም። በታኅሣሥ 2022 ፎርትናይት የተባለውን ጌም የሠራው ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ 245 ሚሊዮኑ፣ ግራ በሚያጋባ የቁልፍ አቀማመጥ በአንድ ንክኪ ሳያስቡ ለገዙና ልጆቻቸው ያለ ፈቃድ ለገዙባቸው ሰዎች እንዲመለስ የታሰበ ነበር።

አሁን በተግባር የሚሞከር ነገር። አፕል ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በመደብሩ የሚሸጡ ጌሞች የዕጣ ሳጥናቸውን የመውጣት ዕድል እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ገጹ ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል፣ ከግዢው ቁልፍ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ቢሆንም አለ። ወላጅ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ሊከፍተው ይችላል። እዚያ 1 ከመቶ የሚል ቁጥር ቢገኝ ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው መቶ ጊዜ ከሞከርኩ አንዱ ይወጣልኛል ብሎ ያስባል። ሳጥኑ ግን ያለፈውን አያስታውስም፤ መቶኛውም ሙከራ እንደ መጀመሪያው 1 ከመቶ ነው። መቶ ሰዎች እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ሳጥን ቢከፍቱ 37 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በኪዩቡ የ2,200 ዎን ዋጋ ሲታሰብ እያንዳንዳቸው 220,000 ዎን አውጥተዋል።

ይህን ለልጅ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው፤ በእጁ ቢያደርገው ይሻላል። አንድ ድስት ውስጥ 99 ሽምብራና 1 ባቄላ ይጨመር። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ፍሬ ያውጣ፣ ይመልከተው፣ መልሶ ይጨምረውና ያማስለው። ባወጣ ቁጥር አንድ ሳንቲም ድስቱ አጠገብ ባለ ብርጭቆ ውስጥ ይጣል። ባቄላው ሲወጣ፣ ወይም ልጁ ሲሰለቸው፣ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ሳንቲሞቹን አብረው ይቁጠሩ።